የቸኮለች እጅ አፍሳ ትለቅማለች? (የፈጣን ጊታር አጭር ታሪክ)

«ቢት ኢት»ን ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! ማንም የለም አይደል? ማይክል ጃክሰን በ1982 ባወጣው «ትሪለር» አልበም ውስጥ ያለው ዘፈን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። መሃል ላይ ዘፋኙ ዝም ይልና ጊታሩ ለብቻው ይለቀቃል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጣቶቹን ሲያሯሩጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ፒኩን ክሩ ላይ እንደ ንብ ክንፍ እያርገበገበ ወደላይ፣ ወደላይ፣ ወደላይ ይወጣና ያበቃል። እኛ ያቺን ግማሽ ደቂቃ በስልካችን እየመለስን ስንት ጊዜ እንደሰማናት ቤተሰቦቻችን ይመስክሩ።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። የአጎታችንን ልጅ ጊታር ለምነን ወሰድን። አንድ ክር ጎድሏት ነበር፤ ገዝተን አሰርንላት። ሰፈራችን ውስጥ ጊታር የሚያስተምሩ አንድ ሰው ጋ ተመዘገብን። የጋሼ ምክር (ስማቸው ይቅር) አንዲት ብቻ ነበረች፦ «ቀስ ብለሽ ጀምሪ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። አንድ ቀን ትሮጫለሽ።» ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው ነገሩ።

እኛም ታዘዝን። ሜትሮኖሙን (ያ «ቷ፣ ቷ» የሚለውን ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ላይ አደረግነው። በእያንዳንዱ ምት አራት ድምፅ። 70 ገባን። 80፣ 90፣ 100... 110። እንቁላሉ እዚያ ቆመ! በደቂቃ 110 ማለት በሰከንድ ሰባት ድምፅ ተኩል እንኳ አይሞላም። ፈጣኖቹ በሰከንድ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ይመታሉ። እኛ ግን ከ110 ፈቀቅ ስንል ፒኩ ይሰናከላል፣ ያልፈለግነው ክር ይጮሃል፣ ክንዳችን እንጨት ይሆናል። ሦስት ወር ሙሉ! በመጨረሻ ጋሼ «እንግዲህ የሴት እጅ ምን ይደረጋል» ብለው ሣቁ። ጊታሯ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች።

ይህን የምንጽፈው ለማማረር አይደለም። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስጠኑን ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ቆይተን የፈጣን ጊታርን ታሪክ ማገላበጥ ስንጀምር አንድ ነገር ገረመን። ማን ፈጠነ? መቼ? በየትኛው ጊታር? በቀን ስንት ሰዓት ተለማምዶ? እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው ተመልሰዋል። «ፒኩ የሚንቀሳቀሰው እንዴት ነው?» የምትለዋ ግን ለአሥርት ዓመታት በቅጡ የሚጠይቃት አላገኘችም ነበር። እኛም ቁም ሳጥን ላይ የወጣነው (ጊታሯን ማለታችን ነው) በዚህች በአንዲቷ ጥያቄ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ከኤሌክትሪክ በፊት

ፒክን ጊታር አልፈጠረውም። ዑድ መቺዎች መምቻቸውን በዐረብኛ «ሪሻ» ይሉታል። ላባ ማለት ነው፤ ድሮ ከንስር ላባ ይሠራ ስለነበር። ማንዶሊን የሚመቱ ጣሊያኖች ደግሞ የመሣሪያቸው ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ክሩን ላይና ታች በፍጥነት እየመቱ አንድ ረጅም ድምፅ ያስመስሉ ነበር። ይህ ማርገብገብ «ትሬሞሎ» ይባላል። ስሙን ያዙልን፣ እንመለስበታለን። ፒኩ ራሱ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት ይሠራ ነበር። በ1922 ኒውዮርክ ውስጥ ሉዊጂ ዳንድሪያ ከሴሉሎይድ እየቆረጠ ማውጣት ሲጀምር ነው ርካሽ የሆነው።

አሁን ወደ አንድ ትልቅ ሰው እንሂድ። ጃንጎ ራይንሃርት በ1910 ቤልጂየም ውስጥ ከሮማ ቤተሰብ (ብዙዎቻችን «ጂፕሲ» ብለን የምናውቃቸው) ተወለደ። በ1928 የሚኖርበት ጋሪ ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። ሆኖም በቀሩት ጣቶች የአውሮፓን ጃዝ ለወጠው። ስለ ጃንጎ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ግራ እጁ ያወራል። እኛን የሳበን ግን ቀኝ እጁ ነው።

የዚያ ባህል ጊታሪስቶች ቀኝ እጅ ሕግ አለው። አንጓው ጎበጥ ይላል፣ መዳፉ ጊታሩ ላይ አይተኛም። ፒኩ ወደታች ሲመታ በጉልበት ወርዶ የሚቀጥለው ክር ላይ ያርፋል። ደግሞ ወደ አዲስ ክር በተሻገሩ ቁጥር ሁልጊዜ በወደታች ምት ይጀመራል፤ ቀደም ያለው ምት ወደታች ቢሆን እንኳ! ሕጉ የመጣው ከችግር ነው። ማጉያ በሌለበት፣ ሰው በሚጨፍርበት ቤት ጊታር እንዲሰማ በኃይል መመታት ነበረበት። ይሁንና ሕጉ ከጉልበትም በላይ ጥቅም ነበረው። ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲሻገሩ እጁ የት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል።

ይህን ሕግ ልጆቹ የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎት ፊት ተቀምጠው፣ የአጎትን እጅ እያዩ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዜማን ከየኔታ አፍ ይቀበላል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ክራር የለመደም ሰው ክራር ደርዳሪ አጠገብ ተቀምጦ ነው የለመደው። እጅ ከእጅ ይማራል።

ማጉያው ጉልበቱን ሲወስድ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ወጡ። የሪከንባከሯ ሞዴል ክብ ሆና አንገቷ ስለሚረዝም «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ወጣላት (አይ ፈረንጅ!)። በ1936 ጊብሰን ኢኤስ-150ን አመጣ። ቁጥሯ ዋጋዋ ነበር፤ ከነማጉያዋ 150 ዶላር ገደማ። ይህችን ጊታር ይዞ በ1939 የቤኒ ጉድማንን ባንድ የተቀላቀለው ቻርሊ ክርስቲያን ጊታርን እንደ ሳክስፎን ረጅም ዜማ አስወራት። ምቱ በአብዛኛው ወደታች ነበር። በ1942 ገና በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ማጉያው ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የእጅን ሸክም ወሰደ። ከእንግዲህ ለመሰማት በኃይል መምታት አያስፈልግም፤ ቀስ ያለ ንክኪ ይበቃል። ትንሽ የሚንቀሳቀስ እጅ ደግሞ ፈጥኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ምሕረት የለውም። ማጉያው ዜማውን ብቻ አይደለም የሚያጎላው። የፒኩን ሽርክታ፣ በስሕተት የተነካውን ክር፣ ጣት ሲነሳ የሚቀረውን ጩኸት ሁሉ ያጎላል። በተለይ በኋላ የሮክ ሰዎች ድምፁን ሆን ብለው ማሻከር (ዲስቶርሽን) ሲያመጡ ጉዱ ፈላ። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ጊታር «ንጹሕ መምታት» ማለት ግማሹ የፈለጉትን ማሰማት ሲሆን፣ ግማሹ ያልፈለጉትን ዝም ማሰኘት ነው። የቀኝ መዳፍ ጫፍ የላይኞቹን ወፍራም ክሮች ይጫናል፣ የግራ ጣቶች ደግሞ የቀሩትን ነካ አድርገው ያፍናሉ።

ይህ ዘመናዊ ጥበብ ይመስላችኋል? ክራር በመምቻ ሲደረደር አይታችሁ እንደሆነ አስታውሱ። ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይጠርጋል። ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ እንዳይሰሙ የተፈለጉትን ክሮች በጣት ያፍናል። የምንሰማው ዜማ ጣቶቹ የለቀቁት ነው። አያቶቻችን ዝም ማሰኘትን ያውቁበት ነበር!

የአጎት ልጅ ከቦስተን

ዲክ ዴል በ1937 ቦስተን ሲወለድ ስሙ ሪቻርድ መንሱር ነበር። አባቱ ሊባኖሳዊ ነው። አጎቱ ዑድ ይመታ ነበር፤ ለዲክም ከበሮ አስተምሮታል። ልጁ ግራኝ ስለነበር ጊታሩን ገልብጦ ያዘ፤ ክሮቹን ግን አልቀየራቸውም፤ ስለዚህ ወፍራሙ ክር ከታች ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር የማዕበል ቀዛፊዎች ንጉሥ ሆነ። የጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር የሠራለትን ማጉያ በተደጋጋሚ ያቃጥል ስለነበር ለእሱ ሲባል የሚበረታ ማጉያ ተሠራ።

እሱ ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ «በአንድ ክር ብቻ ዘፈን መምታት ትችላለህ?» ይለዋል። ዲክ አጎቱ በዑድ የሚጫወታትን አንዲት የቆየች የምሥራቅ ሜድትራኒያን ዜማ አስታወሰ፤ «ሚሰርሉ»ን። ትርጉሙ «ግብፃዊቷ» ነው (የእኛ የቆዩ መጻሕፍት ግብፅን «ምስር» የሚሉትን አስታውሱ)። ዜማዋን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በወፍራም ክር፣ በመድፍ ፍጥነት አርገበገባት። በ1962 በሸክላ ወጣች። በ1994 ደግሞ «ፐልፕ ፊክሽን» የተባለው ፊልም መክፈቻ ሆና ዓለም እንደገና አበደላት። ዲክ ዴል በ2019 በ81 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ እሷን ከመምታት አላቆመም።

ልብ በሉ፦ «አንድ ክር»። ይህቺ ነገር ወደ መጨረሻ ታስፈልገናለች።

ሸክላው እጅን ይደብቃል

ከዲክ ዴል በኋላ ያለው ትውልድ ግን በአብዛኛው አጎት አልነበረውም። የኤሌክትሪክ ጊታር አዲስ ነገር ነው፤ ፊቱ የሚቀመጡለት ሽማግሌ ገና አላፈራም። ስለዚህ ልጆቹ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሸክላ እያዳመጡ ብቻቸውን ተማሩ። ፈጣኗን ሶሎ ለመያዝ የሸክላ ማጫወቻውን ከ33 ዙር ወደ 16 ያወርዱታል፤ ሙዚቃው ግማሽ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል። ያኔ እያንዳንዷ ኖታ ትለቀማለች። የማይታየው እጅ ነው! ሸክላ ምን እንደተመታ ይነግራችኋል፣ እንዴት እንደተመታ አይነግራችሁም። ከአጎት ወደ ልጅ ይሄድ የነበረው ገመድ እዚህ ጋ ተበጠሰ።

በተበጠሰው ገመድ ላይ ጥቂቶች በራሳቸው መንገድ ተሻገሩ። እንግሊዛዊው ጆን ማክላፍሊን በ1971 ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን አቋቁሞ እያንዳንዷን ኖታ ላይ-ታች፣ ላይ-ታች እየመታ ሰውን አስደነገጠ። አል ዲ ሜኦላ በ1974 ገና በ19 ዓመቱ የቺክ ኮሪያን ባንድ ተቀላቀለ፤ በመዳፉ እያፈነ እንደ ታይፕ ራይተር የሚያንኳኳው ድምፅ መታወቂያው ሆነ። ሁለቱ ታኅሣሥ 1980 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከስፔናዊው ፓኮ ዴ ሉሲያ ጋር መድረክ ላይ ወጡና የተቀዳው አልበም ታሪክ ሆነ። ፓኮ ያን ሁሉ ሲከተላቸው ፒክ አልነበረውም። በጣቶቹ ብቻ!

ከዚያ 1980ዎቹ መጡ፤ የፍጥነት እብደት ዘመን። ስዊድናዊው ኢንግቪ ማልምስቲን የፓጋኒኒን ቫዮሊን በጊታር ለመምታት ተነሳና በ1984 «ራይዚንግ ፎርስ»ን አወጣ። ሆሊውድ ውስጥ በ1977 የተከፈተው የጊታር ትምህርት ቤት ፍጥነት በሚፈልጉ ልጆች ተሞላ። ከዚያው የወጣው ፖል ጊልበርት ከባንዱ ከሚስተር ቢግ ጋር በ1991 ባወጣው ዘፈን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ ፒኮች አስሮ ክሩን በመሰርሰሪያ መታ። ቀልድ ነበር፤ ግን ጥሩ ቀልድ። «ፍጥነት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ማሽኑ ይበልጠናል» የሚል ይመስላል።

የማስተማሪያ ቪዲዮም ያኔ በዛ። እጁ ሊታይ ነው ማለት ነው? አልታየም። እስቲ እናስላ። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ሥዕል ያነሳል። ጊታሪስቱ በሰከንድ 12 ኖታ ይመታል። ለአንድ ኖታ ሁለት ሥዕል ተኩል ይደርሳታል፤ ያውም የደበዘዘ። መምህሩ ደግሞ በዝግታ ሲያሳይ እጁ ሳያውቀው ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ሊያደርግ ይችላል። በእግር ስትሄዱና ስትሮጡ እግራችሁ አንድ ዓይነት ነው የሚነሳው? አይደለም። እጅም እንደዚያው ነው።

ወጥመዱ

በ2010ዎቹ ትሮይ ግሬዲ የተባለ አሜሪካዊ ጊታሪስት «ክራኪንግ ዘ ኮድ» በሚል ተከታታይ ቪዲዮ አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ትንሽ ካሜራ ጊታሩ አንገት ላይ አስሮ የፈጣኖቹን ቀኝ እጅ ከቅርብ፣ በዝግታ አሳየ። በሰከንድ 240 ሥዕል የሚያነሳ ካሜራ ለዚያች ለአንድ ኖታ ሃያ ሥዕል ይሰጣታል። ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት?» የምትለዋ ጥያቄ መልስ አገኘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኩ በሁለት ክሮች መሃል ሲገባ እንደ መኪና በሁለት ግንብ መሃል ነው። በአንዱ ክር ላይ ላይና ታች ማለት ቀላል ነው። ወደሚቀጥለው ክር ለመሄድ ግን ከመሃል ወጥቶ፣ ክሩን ከላይ ዘሎ ማለፍ አለበት። በዝግታ ሲሆን እጃችሁን አንስታችሁ ትሻገራላችሁ፤ ጊዜ አላችሁ። በፍጥነት ሲሆን ለማንሳት ጊዜ የለም። ፒኩ ክሩ ላይ ይጋጫል።

ፈጣኖቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ፒኩን በትንሹ ያጋድሉታል። ሲጋደል አንደኛው ምት ራሱ ከክሮቹ በላይ ያወጣዋል። ለምሳሌ የማልምስቲን እጅ ወደላይ ሲመታ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ክር የሚቀይረው ከወደላይ ምት በኋላ ነው። ይህ እንዲሆን በአንድ ክር ላይ የሚመታቸው ኖታዎች ሙሉ ቁጥር (ሁለት፣ አራት፣ ስድስት) መሆን አለባቸው። ጎደሎ ቢሆንስ? አንዷን በፒክ አይመታትም፤ በግራ ጣቱ ጎትቶ ያሰማታል። አውስትራሊያዊው ፍራንክ ጋምባሌ ደግሞ በተቃራኒው ጎደሎ ቁጥርን መረጠ። ሦስት ኖታ በአንድ ክር፦ ታች፣ ላይ፣ ታች። ከዚያ ሳይዘል በዚያው በወደታች ጉዞ ሸርተት ብሎ ቀጣዩን ክር ይመታል። መዝለል ከሌለ ወጥመድ የለም።

አሁን ወደ ጃንጎ ዘመዶች ተመለሱ። «ወደ አዲስ ክር ስትሻገር ሁልጊዜ ወደታች ጀምር» የሚለው የአጎት ሕግ ምን ነበር? የዚሁ የወጥመዱ መውጫ! ሮማዎቹ ያለ ካሜራ፣ ያለ ስሌት ይዘውት ኖረዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ልጆች ግን አጎት ስላጡ እንደገና ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። በመሃል ያገኙት በለስ የቀናቸው እጆች «ተሰጥኦ አላቸው» ተባሉ፤ ያላገኙት ጊታራቸውን ቁም ሳጥን ላይ አወጡ።

እንቁላሉና እኛ

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ጊታሯን አወረድናት። አቧራዋን ጠርገን የዲክ ዴልን ፈተና ራሳችን ላይ አደረግን። አንድ ክር ብቻ። ምንም ሳንሻገር፣ ሳንጨናነቅ፣ ዝም ብሎ ማርገብገብ። ሜትሮኖሙን 110 አደረግን፤ አለፈ። 130፤ አለፈ። 160! እጃችን ድሮም አልዘገየም ነበር። የሚይዘን መሻገሪያው ነበር።

«የሴት እጅ» ላሉትም መልስ አለን። በ1987 ማይክል ጃክሰን «ባድ» በተባለው የዓለም ጉዞው ላይ ያቺን የ«ቢት ኢት» ሶሎ መድረክ ላይ የምትመታለት ጊታሪስት መረጠ። ጄኒፈር ባተን ትባላለች። የተማረችው በዚያው በሆሊውዱ ትምህርት ቤት ነው። የሴት እጅ አላት።

የጋሼ ምክር ውሸት ነበር አንልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እውነት ነው። ዝግታ ንጽሕናን ያስተምራል። የግራ ጣት ከፒኩ ጋር እኩል መድረሱን፣ የማይፈለገው ክር መታፈኑን፣ ክንድ አለመጨነቁን የምታዩት በዝግታ ነው። ግን ምክሩ ግማሽ ነው። በዝግታ የምትደጋግሙት እንቅስቃሴ በፍጥነት ሊሠራ የማይችል ከሆነ ሺህ ጊዜ ብትደጋግሙት ስሕተቱን ነው የምታጠኑት። መጀመሪያ አንድ ክር ላይ እጃችሁ በነፃነት እንዴት እንደሚሮጥ እዩ። ፒካችሁ በየትኛው ምት ከክሮቹ እንደሚወጣ እወቁ። ክር የምትቀይሩት ከዚያ ምት በኋላ እንዲሆን ኖታዎቻችሁን አደራጁ። ከዚያ ቀስ በሉና አጽዱት። የሚያም ነገር ካለ አቁሙ፤ ሕመም ትጋት አይደለም።

እኛ ዛሬ ክር እየቀየርን 132 ላይ ነን። ቫን ሄለን አይደለንም፤ ልንሆንም አንችልም። ግን እንቁላሉ እግር አውጥቷል።

የሚቆጨን ጊታሯ አይደለችም። ሒሳብ «አይሆንልኝም» ብሎ የተወ ጓደኛ አለን። እንግሊዝኛ «ምላሴ አይታዘዝም» ያለች አለች። ስንቶቻችን ነን «በርቱ» እየተባልን «እንዴት» ሳይነገረን ቀርቶ ስንፍናችንን ወይም እጃችንን የረገምነው? እናንተስ ቁም ሳጥናችሁ ላይ ምን አለ? እስቲ ዛሬ ማታ አውርዱትና አቧራውን ጥረጉት።

ቸር እንሰንብት!